የስታድለር የልጅ ልጅ

በኬስሊንግ ከተማ የቤዝቦል ውድድር ሊከፈት ሲል ሰው የሚጠብቀው የማርጎ ዊንሎን ጽሑፍ ነው። ማርጎ በየመጋቢቱ በከተማችን ጋዜጣ ላይ ስለ “ቀበሮዎቹ” ትጽፋለች፤ ማን አዲስ መጣ፣ ማን ጉልበቱን ታመመ፣ የድሮ ተጫዋቾች የት ገቡ። የድሮዎቹ ዜና ሁልጊዜ አጭር ነው። አንዱ ጎማ ይሸጣል፣ አንዱ የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፣ አንዱ ደግሞ እንደገና ተፋታ። ቀበሮዎቹ የታችኛው ሊግ ቡድን ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ትልቁ ሊግ የደረሰ ሰው ካለ፣ እኛ እስካሁን አላየነውም።

ዘንድሮ ግን ትልቅ ወሬ ተገኘ። ሎዌል ፕሩዊት አሰልጣኝ ሆነ።

ሎዌል ድሮ የቡድኑ ቀላቢ ነበር፤ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበለው እሱ ነው። የያኔውን አሰልጣኝ ኦሪን ስታድለርን እንደ እባብ እንደሚጠላው ድፍን ከተማው ያውቃል። ስታድለር ዘጠኝ ዓመት እዚሁ አበሰበሰው። በየመጋቢቱ “በርታ፣ ያንተ ቀን ቀርቧል” ይለዋል፤ ቀኑ ግን አልመጣም። በዚህ መሀል አባቱ የሚረከባቸው ቢያጡ የወተት ላሞቻቸውን ሸጡ። እጮኛውም መጠበቅ ሰለቻትና የጥርስ ሐኪም አገባች። ሎዌል ጎልምሶ ከቡድኑ ሲወጣ ያተረፈው የተጣመሙ ጣቶች ብቻ ነበር።

“ሰውዬው አንድ ቀን እጄ ላይ ይወድቃል” ብሎ ነበር ያኔ፣ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

ወደቀለት። ዘንድሮ ለሙከራ ከመጡት ልጆች አንዱ ዌስሊ ስታድለር ነው፤ ወላጆቹ ከሞቱ ወዲህ ሽማግሌው ያሳደገው ብቸኛ የልጅ ልጁ።

“በቃ፣ ዘንድሮ ጉድ ፈላ!” አለ ፀጉር አስተካካዩ ፊን፣ ምላጩን እየጠረገ። “እንዲሁ አያባርረውም፤ መጀመሪያ ሰው ፊት ያዋርደዋል። እኔ ብሆንም እንደዚያ ነው የማደርገው።”

ዌስሊ ጨዋ ልጅ ነው። እግሩ ፈጣን ነው፣ ቀጥ ብላ የመጣችለትን ኳስም አጥብቆ ይመታል። የምትታጠፍ ኳስ ስትመጣበት ግን አየር ይመታል። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተቀብሎታል፤ ቦታውን እስከ ወሩ መጨረሻ ሊያቆዩለት ተስማምተዋል።

“ኮች፣ እርስዎ ከተቀበሉኝ ትምህርቱ ይቅር” አለ ልጁ በመጀመሪያው ቀን። “ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ይሄንን ማሊያ ነው።”

ሎዌል የሱፍ ፍሬ ያኝክ ነበር። ገለባውን ልጁ ጫማ አጠገብ ተፋውና፣ “ዱላህን አንሣ” አለው።

ሳምንቱን ሙሉ አልማረውም። ሌሎቹ ልብስ ሲቀይሩ ዌስሊን ብቻውን አስቀርቶ የምትታጠፍ ኳስ ያስወረውርበታል። 

“እንደገና! አያትህ ይሄንን አላስተማሩህም እንዴ?”

መዳፉ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳም። ልጁ ግን አንድም ቀን አላማረረም።

ሐሙስ ዕለት ስታድለር ራሱ መጣ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሜዳውን ረግጦት አያውቅም። ባርኔጣውን አውልቆ ሎዌል ቢሮ ገባ። ማርጎ ኮሪደሩ ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበርና የሽማግሌው ድምፅ በበሩ አልፎ ተሰማት።

“እኔን ጥላኝ፣ መብትህ ነው። ልጁ ግን ምን አደረገህ? በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ሎዌል!”

“አየዋለሁ፣ ኮች። አሁን ሥራ ይዣለሁ።”

ሽማግሌው ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። ማርጎ ያ ኩሩ ሰው ለልጅ ልጁ ቦታ ሲለማመጥ መስማት ከበዳት፤ ሎዌልንም በሆዷ ረገመችው።

ቅዳሜ ውሳኔው የሚነገርበት ቀን ነበር። እኛ ጋ ደንቡ የታወቀ ነው። አሰልጣኙ “ቢሮ ና” ካለህ አለቀልህ፤ ማሊያ ከሰጠህ ገብተሃል። ልጆቹ ሜዳው ላይ ተሰለፉ፣ ዘመድ አዝማድ መቀመጫውን ሞላው። ፊን እንኳን ሱቁን ዘግቶ መጥቷል።

ሎዌል ዌስሊን መጨረሻ ላይ አስቀረው። ሄዶ ፊቱ ቆመ።

ከዚያ ሎዌል ከጀርባው ማሊያ አወጣ። ድሮ እሱ ራሱ የለበሰው ቁጥር ነበር።

“እዚያ ትምህርት ቤት ደውልና አልመጣም በላቸው” አለው። “ቦታህ እዚህ ነው።”

መቀመጫው በጭብጨባ ቀለጠ። ፊን አፏጨ። ዌስሊ ማሊያውን ፊቱ ላይ አድርጎ በደስታ አለቀሰ። ሽማግሌው ስታድለር ብቻ እጁን ከዘራው ላይ እንዳደረገ ቀረ፤ አላጨበጨበም።

“ዛሬም ኩራታቸው አልበረደም!” አለ ፊን።

ሰው ሲበተን ማርጎ ወደ ሎዌል መጣች። ትምህርት ቤት አብረው ነው የተማሩት።

“አፈርኩብህ ልልህ ነበር፤ አኮራኸኝ” አለችው። “ሐሙስ ዕለት ሲለምኑህ ሰምቻለሁ። ያን ሁሉ በደል ረስተህ እሺ አልካቸው። ለጋዜጣው ምን ብዬ ልጻፍ?”

ሎዌል የሱፍ ገለባውን ተፋና ሳቅ አለ።

“እሺ አላልኩትም” አላት። “የለመነኝ ልጁን እንዳባርርለት ነበር።”