መርዶ ወደ ወለላ ቤት

ሃምሳ አለቃ ተክለ ሚካኤል ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ይነሣሉ፣ በር ይከፍታሉ፣ ቁልቁል መንገዱን ያያሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ባለቤታቸው ከሞተች አራት ዓመቷ ነውና "ምን ነካዎት?" የሚላቸው ሰው እንኳ ቤት ውስጥ አልነበረም።

የነካቸውማ የታወቀ ነው። ቅዳሜ ዕለት አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር ደብዳቤ ይዞ፣ የወለላን ቤት እየጠየቀ ሲያልፍ ታይቷል።

ሰውዬው ፈሪ አይደሉም። በጃንሆይ ጊዜ ኮንጎ ዘምተው በሜዳይ የተመለሱ ናቸው። መሬት ላራሹ ከታወጀ ጀምሮ ደግሞ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ገነተ ማርያም አጠገብ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። በድርቁ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ ሲያድሉ ለማንም አላዳሉም፤ ይህን ጠላታቸውም ይመሰክራል። ኋላ ግን ኮታ የሚባል ጣጣ መጣ።

"አምስት ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና" ይላል ከአውራጃ የመጣው ወረቀት። አራቱ ተገኙ። አምስተኛው የወለላ ልጅ ምናለ ሆነ። ወለላ ባል የላት፣ ሌላ ልጅ የላት። እግራቸው ላይ ወደቀች።

"ሃምሳ አለቃ፣ ስለ ቅዱስ ላሊበላ ብለው! አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ሲባል አልሰሙም?"

እሳቸው ዞር ብለው ስሙን ጻፉ። "አይዞሽ፣ በደኅና ይመለሳል፤ እኔ አለሁ" አሏት። እኔ አለሁ! ልጁ በተላከበት በናቅፋ ምሽግ ውስጥ ማን ለማን አለ?

ይባስ ብሎ የእሳቸው ልጅ ጋሻዬ አስመራ ነው፤ የጦር መጋዘን ጸሐፊ። ጥላ ሥር ተቀምጦ ለወታደር ጫማ ያድላል። የድሮ አለቃቸውን ደጅ ጠንተው እንዳስቀመጡት አገር ያውቃል። ያኔ አላፈሩም ነበር፤ አሁን ግን ነገሩ እንደ እሾኽ ይወጋቸው ጀመር።

ሦስት ቀን ሙሉ ከወለላ ቤት ለቅሶ አልተሰማም። እሷ ማንበብ አትችል፤ ደብዳቤውን ማን አነበበላት? ሰዉም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰላምታ እያሳጠረ ያልፋል። "ጠሉኝ" አሉ ለራሳቸው፤ "ደግ አደረጉ።"

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ቄስ ወልደ ሩፋኤልና ጎረቤታቸው ምስጋኑ ናቸው።

"እንዴት አደሩ?" አሉ ቄሱ። "ወለላ ቤት መርዶ አለ። ያለ እርስዎ አይሆንም።"

የሟቹን ስም አልጠየቁም። ምን ይጠየቃል? ካፖርታቸውን ደረቡና ጠመንጃቸውን ከምሰሶው አወረዱ።

"ጠመንጃውስ ይቅር" አለ ምስጋኑ፣ ከእጃቸው ቶሎ ተቀብሎ። "ያችን ሴት መሣሪያ ይዘን አንግባባት።"

"እውነትህን ነው።"

"እህልም ይቅመሱ እንጂ" አሉ ቄሱ። "ለቅሶ ቤት መዋላችን ነው።" ቂጣ በተልባ ቋጥረው መጥተው ኖሯል። ሃምሳ አለቃ ሁለት ጉርሻ በግድ ዋጡ።

መንገድ ላይ አፋቸው አላርፍ አለ።

"አባ፣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ? ስሙን የጻፍኩት እኔ፤ የእኔው ልጅ ጥላ ሥር። ትርገመኝ፣ እውነቷን ነው። ድንጋይ ብትወረውርብኝ አልሸሽም። እስክሞት መሬቷን አርስላታለሁ።"

ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

"ይህ ሁሉ ኋላ ይደርሳል" አለ ምስጋኑ፣ ክንዳቸውን ደግፎ። ደጋፊ የሚሹ ሰው አልነበሩም፤ ግን አልከለከሉትም።

የወለላ ግቢ ሰው ሞልቶታል። ሲገቡ ሁሉም ከተቀመጠበት ተነሣ። ወለላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"ማን ነው ቀድሞ የነገራት?" አሉ በቁጣ፣ ወደ ቄሱ ዞረው። "እንዲህ ተደርጎ መርዶ ይነገራል?"

ከዚያም ወደ ወለላ ሄደው እግሯ ሥር ወደቁ።

"ወለላ፣ ልጅሽን በላሁብሽ! እኔ ነኝ የበላሁት! ይቅር በይኝ አልልሽም!" ሃምሳ አለቃ ሲያለቅሱ አገሩ ያየው ያን ቀን ነው።

"ምናለስ ደኅና ነው፤ ደብዳቤውን የላከው እሱ ነው" አለች ወለላ፣ ጎንበስ ብላ እያነሣቻቸው፤ "ጫማ ሊያድል ምሽጋችን ድረስ የመጣውን ጋሻዬን ናቅፋ ላይ በገዛ እጄ ቀበርሁት ይላል።"