ለነርሷ የተሰጠ ድምፅ

ድሮ ፎቶ ለመምረጥ ስልክ መንካት ብቻ ይበቃ ነበር ስላቸው የዛሬ ልጆች ይስቁብኛል። አሁን በኢንተርኔት የፎቶ ውድድር ድምፅ የሚሰጥ ሰው ከራሱ ፎቶዎች የሚወደውን አንዱን ለዘለዓለም ያጣል። የማይወደውን ቢያቀርብ ድምፅ ተቀባዩ ማሽን አይቀበለውም። ሳሎናችን ውስጥ ሁለት ባዶ ፍሬሞች የተሰቀሉት በዚሁ ምክንያት ነው።

የልጅ ልጄ ትርሲት ዘንድሮ ተወዳደረች። ያነሳችው ሚኒባስ ውስጥ የማታውቃት ሴት ትከሻ ላይ እንቅልፍ የጣላትን ነርስ ነው። እስከ መጨረሻው ቀን ማንም አልመረጣትም። ልጅቷ ካሜራውን እርግፍ አድርጋ ትተወዋለች ብዬ የሠርጌን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ። ከሟች ባለቤቴ ጋር የተነሳሁት እሱን ብቻ ነው።

«እማማ፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ መልሰሽ ስቀይው» አለችኝ።

«ታዲያ ለማን ልበል? አንገትሽን ደፍተሽ እያየሁሽ?»

«ለነርሷ። ለመሆኑ አይተሻታል?»

አላየኋትም ነበር። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ትከሻዋን ያዋሰቻት ሴትዮ ዓይኗ ከመስኮቱ ውጭ ቀርቷል።

«ምን ሆና ነው?»

«መውረጃዋ እያለፋት ነው። ‹ወራጅ አለ› ብትል ነርሷ ልትነቃ ነው።»

ያን ጊዜ ድምፄን ሰጠሁ። የሠርጌ ፎቶ እጄ ላይ ነጣ። ወዲያው የትርሲት ስልክ ጮኸ።

«ከጎዴ አንድ ሰው የእናቱን ፎቶ ሰጥቶ መረጠን» አለች ቀስ ብላ።

ማሸነፏን እንጃ። እሷ ግን ካሜራዋን ወደ ጎን አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አያቴ በሠርጋችሁ ቀን ምን ለብሶ ነበር?»

«ከወንድሙ የተዋሰውን ኮት» አልኳት፤ «እጅጌው አጥሮት።»