የመጀመሪያው መስመር

"ክብ አድርጊ፣ እማ። ውስጡ መስቀል።"

ክቡን አዞራለሁ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ሲጥ ሲጥ ይላል። መስቀሉን ስጨምርበት ልጄ ሄራን ከኋላዬ "አሁን ኪው" ትላለች። ኪው ጅራት ያላት ክብ ናት። ትናንት ቀኑን ሙሉ የዓሣ መክተፊያዬ ላይ በከሰል አስጠንታኛለች።

እዚህ ቆማ መጻፍ የነበረባት እሷ ናት። ቀኝ እጇ ግን ጀሶ ውስጥ ነው። ባሏ ፊልሞን ከትናንት ወዲያ ኮምፒውተሯን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው፣ እጇን በዘነዘና ሰበረው። ዛሬ የማስተርሷን የሒሳብ ፈተና ካለፈች ለዶክትሬት አዲስ አበባ ትሄዳለች። አትሄድም ብሏል።

የክፍል ጓደኛዋ ሊጽፍላት ነበር። ዋናው ፈታኝ ዶክተር ኃይለሚካኤል ትናንት በማለዳ እምቢ አሉ። "ትምህርቱን የሚያውቅ ሰው ሊያግዛት ይችላል። የሚጽፍላት ምንም የማያውቅ ይሁን።"

"እኔ አለሁልዎ" አልኳቸው። "ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ከእኔ የባሰ አያገኙም።"

ሦስቱም ዶክተሮች ሳቁ። እኔ እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

ደግሞ ጭራሽ አይገባኝም አይባልም። ሐይቅ ዳር ዓሣ ስበልት አጠገቤ ቁጭ ብላ ነግራኛለች። ራንክ ማለት ልክ ነው። ሪንግ የምትለው ሙሉው ነገር ነው፤ ልኩ አንድ ነው። ፕሮጀክቲቭ ሞጁል የምትለው ቁራጭ ልኩ ግማሽም ሲሶም ሊሆን ይችላል፤ ግን የሚገጥመው ሌላ ቁራጭ አያጣም። ሁለቱ በዚያ ባለመስቀል ክብ ሲጋጠሙ ልካቸው ይደመራል። የመጀመሪያውን መስመር ቁመቴ እስከፈቀደልኝ፣ ግንባሬ ትክክል ጽፌዋለሁ፦ የሙሉው ልክ እኩል ነው አንድ።

ዶክተር ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን ያወልቃሉ። "እሺ ሄራን። ራሱ ዜሮ ያልሆነ፣ ልኩ ግን ዜሮ የሆነ ነገር እዚህ ሪንግ ውስጥ ይኖራል?"

"አይኖርም።"

"አሳዪን።"

በሩ በእርግጫ ይበረገዳል።

ፊልሞን ነው። ማንንም ሰላም አይልም። "ተነሺ! ወደ ቤት!"

"ሰውዬ፣ ፈተና ላይ ነን" ይላሉ ዶክተሩ።

"ሚስቴ ናት! ፈተናዋን ቤት እሰጣታለሁ።" ይህን እያለ ጀሶ ያለበትን እጇን አፈፍ አድርጎ ይጎትታታል። ሄራን ወለሉ ላይ ትወድቃለች። ስወልዳት የጮህኩትን ጩኸት ዛሬ እሷ ትጮኸዋለች።

ረጅሙን የሰሌዳ ማስመሪያ አንስቼ ማጅራቱን እለዋለሁ። እንጨቱ ለሁለት ይሰበራል።

ዞር ይላል። ካገባት ጀምሮ "እርስዎ" ሲለኝ የኖረው አፍ፣ "አንቺ አሮጊት!" ይለኛል። ፀጉሬን ጨብጦ ግንባሬን ሰሌዳው ላይ ያላትመዋል። አንዴ። ደግሞ። ቅንድቤ ይተረተራል፤ ደሙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ በኋላ የሚያስበው እጄ ነው። አምባዛ ዓሣ ሲያስቸግር በአፉ ነው የሚያዘው። አውራ ጣቴን ጉንጩ ውስጥ ከትቼ፣ በቀሩት ጣቶቼ አገጩን ቆልፌ፣ ወደ ታች እስባለሁ። ይነክሰኛል። ጥርሱ አጥንቴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። አለቅም።

"ንከስ" እለዋለሁ። "ሌላ ዘጠኝ አለኝ።"

ሲንበረከክ ጉልበቴን አፍንጫው ላይ አሳርፈዋለሁ። የዩኒቨርሲቲው ጥበቃዎች ሲደርሱ ያላቀቁት እሱን ከእኔ አይደለም፣ እኔን ከእሱ ነው። እየጎተቱ ሲያወጡት "እገድልሻለሁ!" ይላል። ለእኔ ይሁን ለእሷ አይለይም።

ዶክተር ኃይለሚካኤል ፊታቸው አመድ መስሏል። "ለሌላ ቀን እናድርገው። ወይዘሮ ታቢታ ሐኪም ቤት ይሂዱ።"

"የትም አልሄድም።"

"ኧረ ደም እየፈሰሰዎት ነው!"

"የምጽፈው በጠመኔ ነው እንጂ በደሜ ነው እንዴ? ሌላ ቀን ካሉ፣ ያን ጊዜ ግራ እጇን ሰብሮ ይጠብቅዎታል።"

ልጄ ከወለሉ ተነስታለች፤ የተሰበረውን እጇን እንደ ሕፃን ታቅፋለች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነው። "እማ፣ 'ኤ' ጻፊ። ቀጥሎ እኩል ምልክት፣ በላዩ ሰረዝ። ዜሮ።"

አውራ ጣቴ አልታጠፍ ብሏል። ጠመኔውን ሲጋራ እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣቶቼ መሃል ይዤ እጽፋለሁ። 'ኤ' ዜሮ አይደለም። ከሥሩ፦ የ'ኤ' ልክ ግን ዜሮ ነው እንበል።

ሄራን ትናገራለች፣ እኔ እከተላታለሁ። ይህ ሪንግ ሲምፕል የሚሉት ዓይነት ስለሆነ፣ ሙሉውን ከ'ኤ' ቁርጥራጮች መገጣጠም ይቻላል። የአንዱም ቁራጭ ልክ ከ'ኤ' ልክ አይበልጥም። ስለዚህ ሁሉም ዜሮ ናቸው፤ ድምራቸውም ዜሮ ነው።

"እንግዲያው የሙሉው ልክ ዜሮ ሊሆን ነው። ይህ ደግሞ ከመጀመሪያው መስመር ጋር ይጋጫል" ትላለች።

ዶክተር ኃይለሚካኤል አንገታቸውን ያሰግጋሉ። "ከየትኛው የመጀመሪያ መስመር?"

ቀና ብዬ አያለሁ። መስመሩ በነበረበት ቦታ የግንባሬ ምልክት አለ፣ ደምና ጠመኔ ተለውሶ። እስከ እኩል ምልክቱ ይነበባል። ከዚያ ወዲያ የለም።

እኒህ ሰው ለደንብ ሲሉ የልጄን የክፍል ጓደኛ የከለከሉ ሰው ናቸው።

ወንበራቸው ይንቋቋል። ተነስተው ይመጣሉ። ጎንበስ ብለው ከተሰበረው ማስመሪያ ሥር ያልተነካ ጠመኔ ያነሱና በሁለት እጃቸው ይሰጡኛል።

"ነበረ" ይላሉ። "አይቼዋለሁ። ይመልሱት።"

"ምኑን ነው፣ ልጄ?"

"አንዱን፣ እማ።"

አንድ ቀላል ነው። ከላይ እጀምራለሁ፤ ክንዴን ሳላጥፍ ወደ ታች አወርደዋለሁ። ከጠመኔው ኋላ ደሜ ይከተላል። አንዱ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ቀይ ሆኖ እኩል ምልክቱ አጠገብ ቀጥ ብሎ ይቆማል።