ታቢታ እስክትነሳ

«አሁንስ ስንት መኪና ቀረ?» ትላለች ታላቅ እህቴ ታቢታ፣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ።

«ተይው እህቴ፣ በቆጠርሽው ቁጥር ይረዝማል» ይላታል ሙህዲን። አዲስ አበባ የሚያደርሳት ሾፌር ነው። ሰልፉ ላይ አድሮ ነዳጅ ሳያገኝ ነጋበት፤ ቦቴው የገባው አሁን ነው። ሰልፉ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ እስከ መታጠፊያው ይደርሳል። «ይልቅ ንገሪኝ፣ ዋና ትችያለሽ?»

«የሐዋሳ ልጅ ሆኜ!»

«ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ሻይ ማቅረብና መዋኘት አንድ ነው እንዴ?»

ታቢታ ትስቃለች። ከኋላ ወንበር እኔም እስቃለሁ። የኔ ሳቅ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ዛሬ ማታ አውሮፕላን ትሳፈራለች። ነገ ደግሞ ከዱባይ ወደብ የሽርሽር መርከብ ይነሳል፤ በአስተናጋጅነት ተቀጥራበታለች። ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ያገኘችው ሥራ ነው። የቀጣሪዎቹ ወኪል አስጠንቅቋታል፦ መርከብ እንደ ሚኒባስ «አንድ ሰው ቀርቷል» ተብሎ አይቆምም፣ ያመለጠውም ሁለተኛ አይጠራም።

አባታችን ሊነጋ ሲል ሞቷል። ታቢታ አታውቅም።

አጎታችን ጋሽ አልአዛር ከሆስፒታል ሲደውልልኝ እሷ ተኝታ ነበር። «ከሰማች ትቀራለች» አለኝ። «ቀብር፣ ሰልስት ሲባል መርከቡ ይሄዳል። ከከተማ እስክትወጣ ማንም አያለቅስም። ለእድሩም ነግሬያለሁ።» ድንኳኑ ተጠቅልሎ መኪና ላይ እንደተጫነ ነው። እናቴ ሆስፒታል አድራለች ተብላ ጎረቤት ቤት ተደብቃለች። ታቢታ ጠዋት ሆስፒታል ሄዳ አባዬን ልትሰናበት ነበር፤ «መንገድ ሊዘጋጋ ይችላል፣ ቀደም ብለሽ ውጪ» ብዬ አጣድፌ ከቤት አወጣኋት። ወጥተን ግን እዚሁ ቆምን።

ስልኬ ይንቀጠቀጣል።

«ሄደች?» ይላል ጋሽ አልአዛር።

«ገና ሰልፍ ላይ ነን፣ ጋሼ።»

«እናትሽን መያዝ አቃተን። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ...» ድምፁ ይሰበራል። «በቃ፣ ቶሎ በሉ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ።»

«ምን አለ?» ትለኛለች ታቢታ።

«መልካም መንገድ በያት አለ።»

ትንሽ እንጠጋለን፣ እንደገና እንቆማለን። ሙህዲን ሞተሩን ያጠፋል።

«ምን ያህል ይፈጃል?» ትለዋለች።

«ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ። የሚሠራው ፓምፕ አንዱ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው በባጃጅ ሆስፒታል ደርሼ ልምጣ። እማዬም ስልኳን አታነሳም። ሳላያቸው ልሂድ እንዴ?»

በሩን ከፍታ ወርዳለች። ተከትያት እሮጣለሁ።

«ታቢ፣ ጠዋት ሐኪሞቹ ዙር ላይ ናቸው፣ አያስገቡሽም።»

«በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ።»

ባጃጅ ይቆምላታል። አንድ እግሯን ስታስገባ ክንዷን እይዛለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ እጄን አላነሳም ነበር፤ አሁን መንገድ መሃል ሰው ይዤ እጎትታለሁ።

«ልቀቂኝ! አንቺ እኮ ነገም ታዪዋለሽ።»

«ተስማሙና ጥሩኝ፣ ሥራ አታስፈቱኝ» ይላል ባለባጃጁ።

«ራሱ ነው እንዳትመጪ ያለው» እላለሁ።

ዞራ ታየኛለች። «ማን?»

«አባዬ። ትናንት ማታ። ‹ፊቷን ካየሁ ሂጂ ማለት ያቅተኛል፣ በዚያው ትሂድ› አለ።»

አላለም። ትናንት ማታ የጠየቀኝ ውሃ ብቻ ነበር። ይህን ቃል አፉ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ከእንግዲህ አላልኩም አይልም።

ታቢታ እግሯን ከባጃጁ ታወጣለች። ባለባጃጁ እያጉረመረመ ይሄዳል።

«ይላል» ትላለች ቀስ ብላ። «አዎ፣ እሱ እንዲህ ይላል።» በመዳፏ ጉንጯን ትጠርጋለች። «መርከቡ ላይ ሆኜ ፎቶ ስልክለት መነጽሩን አድርጊለት። ያለሱ አይታየውም፤ የሚታየው ያስመስላል እንጂ።»

«እሺ።»

«ደግሞ ባሕሩን እስኪጠግብ ያየዋል፣ ቶሎ አትንጠቂው።»

«እሺ፣ ታቢ።»

ወደ መኪናው እንመለሳለን። የፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታስተካክላለች። ከኋላ ሆኜ ማጅራቷን አያለሁ። መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጅ አንኳኩቶ ነው። ባሕር ላይ የሷን ደጅ ማን እንደሚያንኳኳ ጋሽ አልአዛር አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ተራችን ይደርሳል። ሙህዲን ሞልቶ ሲጨርስ «አልሐምዱሊላህ፣ በቃ እንበራለን!» ይላል። ታቢታ ወርዳ ታቅፈኛለች።

«ምነው ትንቀጠቀጫለሽ?»

«ብርድ ነው።»

«በዚህ ፀሐይ?» ብላ ትስመኛለች፤ ደጋግማ።

መኪናው ከማደያው ይወጣል። መስቀለኛው ላይ የትራፊክ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ የነሱን ረድፍ ያስቆማል። ስልኬ እንደገና ይንቀጠቀጣል።

«ሄደች?»

«ሄደች፣ ጋሼ።»

ስልኩን ሳይዘጋ አጠገቡ ላሉት «ወጥታለች» ሲላቸው እሰማለሁ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ ይመጣል፤ ቃል የለውም። ቀጥለው ሌሎቹ፣ ሴቶቹ፣ ወንዶቹ፣ ሰፈሩ በሙሉ።

ፖሊሱ እጁን ያወርዳል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ታቢታ ግማሽ አካሏን በመስኮት አውጥታ፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ እየተበተነ፣ ወደ ስልኬ ትጠቁማለች።

«እማዬ ናት?» ብላ ትጮኻለች።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ እጫነዋለሁ። በሌላው እጄ እየተሰናበትኳት፣ እየሳቅኩ፣ ራሴን ነቅንቄ አዎ እላታለሁ።