የወይዘሪት አመለወርቅ ቁጥር

«የወይዘሪት አመለወርቅ ቧንቧ ዛሬም መበላሸቱን ለነዋሪዎች በአክብሮት እንገልጻለን» አለ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ።

በዚያ ዘመን ሰው ሲወለድ ሠላሳ አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። ከአንድ የሚበልጥ የጋራ አካፋይ የሌላቸው ወንድና ሴት፣ ለሥራ ካልሆነ፣ አንድ ቤት አይገቡም። የአመለወርቅ ቁጥር ደግሞ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም። ስለዚህ ቧንቧ ሠሪው ላቀው በየምሽቱ መፍቻ ይዞ ቤቷ መምጣት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን እንኳ አድሮ ሲያንኮራፋ ሰምታው አታውቅም።

ዛሬ የቁጥሩን ሕግ የሚያስከብር ተቆጣጣሪ ቤቷ መጣ።

«አሁንም አልተጠገነም?»

«የድሮ ዕቃ መከራ ነው፣ ጌታዬ» አለ ላቀው።

«የኛማ ይብሳል!» አለች ጎረቤቷ እትዬ ዘነቡ፣ ልትሸፍንላቸው።

ድንገት መብራት ጠፋ። ላቀው በድቅድቁ ጨለማ ከምንም ሳይጋጭ ጠረጴዛውን ዞሮ፣ ከሁለተኛው መሳቢያ ሻማና ክብሪት አወጣና «አይዞሽ፣ አሜ» ብሎ ለኮሰ።