የስልከኛው አምፕሊፋየሮች

ዘርፈሽዋል ሽቦውን ሳብ ብታደርገው ከቅቤው ቅል ጀርባ ማይክራፎን ዱብ አለ።

«ያ ረቢ!» አለች ጎረቤቷ ሰፍያ፣ እጇን ደረቷ ላይ ጭና። «ይሄ ሰውዬ ማድቤትሽ ውስጥ ጆሮ ተክሎብሻል እኮ!»

ዘርፈሽዋል ማይክራፎኑን ቦታው መለሰችው። ሽቦውን በዓይኗ ተከተለችው። በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ሾልኮ፣ ግቢውን በአጥሩ ጥግ አቋርጦ ትልቁ ቤት ይገባል። እዚያ ምን እንዳለ ደግሞ ቡታጅራ በሙሉ ያውቃል፤ አራት የጊታር አምፕሊፋየር፣ ድምፅ የሚያጎላ ሳጥን፣ በሰልፍ ተደርድሯል። ጊታር ግን የለም። ባሏ ተረፈ እንኳን ጊታር ክራርም በእጁ ነክቶ አያውቅም። የስልክ ቤት ስልከኛ ነው፤ መስመር ያገናኛል፣ በቃ። አንዳንዱ «ለጃንሆይ ጸጥታ ወሬ ያቀብላል» እያለ ያማዋል፤ ስልክ ሊደውል የመጣው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚንሾካሾከውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያውን ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጣሪያ ጭኖ ሲመጣ «ለሰርግ አከራየዋለሁ» አላት። ይሁን አለች። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ፤ ሰርግ ቤት የደረሰ ግን አንድም የለም። አራተኛው ከአንድ የምሽት ክበብ የተገዛ ነው አሉ። ጨርቁን ጠጋ ብላ ብታሸተው የሴት ሽቶ! ከዚያ ወዲህ ምን እንቅልፍ አላት? ስትጠራው «አቤት» አይልም። ስታወራው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ዝም ነው። ይባስ ብሎ ባለፈው ሳምንት የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶ ሲወጣ እሱ ተኝቶ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እሷ ላይ አፈጠጠ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

«እኔ ብዬሻለሁ፣ ዘፋኝ ናት» አለች ሰፍያ። «ዕቃዋን አንድ በአንድ እያጋዘች ነው፤ ነገ ራሷ ትከተላለች። እስከዚያ አንቺ የምታወሪውን ይሰልላል። ወላሂ!»

«ዛሬ ይለይለታል» አለች ዘርፈሽዋል። «ጓዜን አስሬያለሁ። እውነት ከሆነ ነገ በጠዋት ወልቂጤ እህቴ ቤት ነኝ። አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ።»

መሸት ሲል የከተማው ጄኔሬተር ተነሣ፤ መብራት መጣ። ዘርፈሽዋል ትልቁን ቤት ከፍታ ገባች። ተረፈ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቁ አምፕሊፋየር ቀይ መብራቱን አብርቶ እምምም ይላል።

«ተረፈ!»

ዝም።

«አንተን እኮ ነው! ሴትየዋ ማን ናት?»

ዝም። ደሟ ፈላ። ከኋላው ልትነካው እስክትደርስ ተጠጋች። «ልሄድልህ ነው! የሰው ልጅ አይደለሁም? ውሻም ሲጠሩት ዞር ይላል!»

ትከሻው እንኳ ንቅንቅ አላለም።

በዚህ መሀል ማድቤት የቀረችው ሰፍያ መታገሥ አቅቷት ኖሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሳሏ በትልቁ ሳጥን ወጥቶ ቤቱን ሞላው።

«አቤት ዘርፊዬ!» አለ ተረፈ ለሳጥኑ፣ ፊቱ በአንድ ጊዜ ፈክቶ። «ጠራሽኝ? መጣሁ!»

ብድግ ብሎ ሲዞር ሚስቱ ከኋላው ቆማለች። ክው አለ። ዓይኑ ከንፈሯ ላይ ተተከለ፤ ምን ልትል እንደሆነ ከዚያ ሊለቅም።

«አትሰማም» አለች ዘርፈሽዋል።

ተረፈ አንገቱን ደፋ።

አፏን ጆሮው ላይ ገጥማ «ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ካቻምና ነው...» ብሎ ጀመረ፤ ማዶ ለማዶ የሚጣራ ይመስል ጮኾ። በመዳፏ አፉን ከደነችው። ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «መጀመሪያ ድምፅሽ ቀጠነብኝ። አንደኛው ሳጥን ይበቃኝ ነበር፤ ኋላ አልበቃ አለ። በሁለተኛው ደግሞ ድምፅሽ እንደ ወንድ ይጎረንናል። ሦስተኛው ያፏጫል። ያንቺን ድምፅ እንዳለ የሚያመጣልኝ ይሄ ብቻ ነው። ማድቤት ሆነሽ ስትጣሪ አቤት እንድል ብዬ ነው ሽቦውን የዘረጋሁት።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ነበረበት ብትነግረኝ?»

«ለሰፍያ ትነግሪያታለሽ። ሰፍያ የሰማችው ደግሞ ስልክ ቤት ለመድረስ ስልክ አያስፈልገውም። ሥራ ላይ ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ስለሚለጠፍ እንደ ምንም ተደብቄ አለሁ። አለቆቼ ካወቁ ግን አንድ ቀን አያሳድሩኝም፣ ዘርፊ። ጆሮ የሌለውን ስልከኛ ማን ይፈልገዋል?»

ዘርፈሽዋል እንባዋ መጣ። ለእሱ አዝና ይሁን በራሷ አፍራ ለራሷም አልገባትም። ስትረግመው የከረመችው ሰው ይህን ያህል ደክሞ የሚፈልገው የእሷን ድምፅ ኖሯል። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ሰፍያ ማድቤቱ ደጃፍ ቆማ ዓይኗ ፈጥጧል። «እህስ? ምን አለሽ? አመነ?»

ዘርፈሽዋል የተዘጋውን በር ዞር ብላ አየችው። የነገውን ገበያ አሰበች፤ የሴቶቹን መጠቃቀስ፣ የእህቷን «አላልኩሽም?»፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚከተላትን ሹክሹክታ።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ሴት አለችው። አዲስ አበባ፣ ዘፋኝ።»

«ወላሂ ብዬሻለሁ! ብዬሽ ነበር!»

«በሞቴ፣ ሰፍያ፣ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ሰፍያ በልጆቿ ማለች። ወዲያው ሻሿን አጥብቃ አሰረችና በጓሮ በር ወደ ሰፈሩ ወጣች።