አዋሽ ባሕር የሚገባበት

ባሕሩ የአፋርን ዝቅተኛ ምድር ከዋጠው አርባ ዓመት ሆኖታል። ድሮ በረሃ ውስጥ ጠፍቶ ይቀር የነበረው አዋሽ አሁን ባሕር ይገባል። ሁለቱ የሚገናኙበት ጥብቅ ስፍራ ጠባቂ አሲያ ናት። በዚያ ስፍራ የወንዙ ውሃ የዓሣውና የዛፉ ብቻ ነው፤ ሰው የሚጠጣው ከባሕር ተጣርቶ የሚታደለውን ነው። አንድ ዓመት ወንዙ ሲሳሳ ጨው ሽቅብ ወጥቶ አንድ መንደር ሕዝብ ማሰደዱን አሲያ አትረሳም።

ዛሬ ጠዋት እናቷ ሞተች። ትኩሳት በያዛት ሦስት ቀን ውስጥ የታደላቸው ውሃ ሁሉ አልቋል። እናቷ ስታጣጥር የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በአዋሽ እጠቢኝ።»

አሲያ ጀሪካን ይዛ ወንዙ ዳር ስትወርድ ጎረቤቷን መዲናን አገኘቻት። ባለፈው ወር የመዲና ባል ለአራስ ሚስቱ አንድ ጀሪካን ቀድቶ ሲወጣ፣ ይዛ ከአካባቢው ያስባረረችው አሲያ ነበረች።

«ቅጂ» አለቻት መዲና ሕፃኗን እንዳዘለች። «እኔ አላየሁም።»

«እኔ ግን አየዋለሁ» አለች አሲያ።

ጀሪካኑን ከባሕሩ ሞልታ ተመለሰች። እህቷ ዘሃራ ውሃውን በጣቷ ቀመሰችና እጅጌዋን ሰበሰበች። ሁለቱ አብረው እናታቸውን አጠቡ። ገላዋ ሲደርቅ ጨው ሽፋሽፍቷ ላይ ነጥቶ ቀረ።

«እንዲህ ሆና ትቀበር?» አለች ዘሃራ።

አሲያ ከፈኑ ፊቷን ከመሸፈኑ በፊት አውራ ጣቷን በምራቋ እያራሰች የእናቷን ሽፋሽፍት ቀስ ብላ ጠረገችላት።